ያስቀረሁት ግማሽ

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ መሪ ሰፈር ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ መጥታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ባዮሎጂ ታጠናለች፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን ትምህርት ትናንት የተፈለሰፈ ይመስል ታስረዳኛለች። አላቋርጣትም። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያስረዳ ሰው ማግኘትም ዕድል ነው። ስልኩ ላይ የእንቁራሪት እንቁላል ይታያል፤ አንድ የነበረው ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ፣ መጨረሻ ላይ እንጆሪ የመሰለ ጉብጉብ ኳስ ሆነ።

«አክስቴ፣ ክሬዚ እኮ ነው» አለችኝ። «ሁሉም ቦታው አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግን አንደኛው ወገን ጀርባ፣ ሌላኛው ሆድ ይሆናል። ሴሎቹ መልእክት ይላላካሉ። መልእክቱን ከረበሽሽው ደግሞ፣ ለምሳሌ ሊትየም ብትጨምሪበት...»

«ወጡ አረረ» ብዬ ብድግ አልኩና ወደ ኩሽና ገባሁ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም። ሊትየም ከምትለው ቃል ጋር የተያያዘ አንድ ጥፋት አለብኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አንዲት እናት በገዛ ልጇ ላይ ያላደረገችውን አድርጋለች ተብላ እንድትኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መምህርነት የሠለጠንኩት ኮተቤ ነው። የመጨረሻውን ዓመት በእትዬ ጫልቱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሳለፍኩ። እትዬ ጫልቱና ባላቸው ዱሮ እዚያው አካባቢ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። ከተማው እየገፋ መጥቶ እርሻቸው ላይ ቪላ ሲሠራ ለእነሱ ግቢውና ሦስት ላሞች ቀሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እትዬ ጫልቱ ወተት እየሸጡ፣ እንደ እኔ ላለች ተማሪ ክፍል እያከራዩ ይኖሩ ነበር። እኔ የሰንዳፋ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል። እትዬ ጫልቱ ይህን ባወቁ ዕለት ከተከራይነት ወደ ዘመድነት አሻገሩኝ። ገበያ የሚያደርስ አማርኛ ነበራቸው፤ ሲደነግጡ ወይም ሲያዝኑ ግን አማርኛው ጥሏቸው ይሄድ ነበር።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ ሌሊሴ። ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ደረጀ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ሞያሌ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ከሁለት ሳምንት በላይ ቤት አይቀመጥም። ሌሊሴ ልብስ ትሰፋለች። ቀን ቀን የስፌት መኪናዋ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጭኮ ስታሽ ቅቤውን አትሰስትም፤ አንድ ጉርሻ በልቼ ፈተና እየተፈተንኩ የተኛሁበት ቀን አለ። ይህች ሌሊሴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታማ ነበር፤ እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ያለ ማቋረጥ የሚያስለፈልፍ፣ ከቤት የሚያስወጣ የአእምሮ ሕመም። አንድ ሐኪም ትክክለኛውን ክኒን ካገኘላት ወዲህ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ደህና ነበረች። ክኒኑ አዲስ አበባ ሲጠፋ ደረጀ ከሞያሌ ማዶ ያመጣላታል። በዚያ ዓመት በስንት ልመና አረገዘች። እትዬ ጫልቱም ለምስጋና በየወሩ እንጦጦ ጠበል ይወስዷት ጀመር።

ሰኔ ሲገባ የላቦራቶሪ መምህራችን ከቀበና ወንዝ ዳር የእንቁራሪት እንቁላል እንድንሰበስብ ላኩን። ሽቅብ ሲያዩት እንጦጦ ደመና ለብሷል፤ ወንዙ ደፍርሷል፤ እኛ ቀሚሳችንን ሰብስበን በጭቃው ውስጥ እንንቦጫረቃለን። በባልዲ ይዘን በውይይት ታክሲ ስንመለስ ተሳፋሪው ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ «ይሄንንም ሊያበሉን ነው?» አሉ።

መምህራችን ነገር ማስረዳት ያውቁ ነበር። እንቁላሏ ስትወጣ ጀርባም ፊትም የላትም አሉን። የወንዱ ዘር በአንድ በኩል ሲገባ የላይኛው ሽፋኗ በጥቂቱ ዞር ይላል፤ ዘሩ ከገባበት ትይዩ ያለው ወገን ጀርባ እንዲሆን ይታጫል። እዚያ ያሉት ሴሎች ለጎረቤቶቻቸው መልእክት ይልካሉ። «የእድር ጡሩንባ ነፊ አስቡ» አሉን። «ደጃፉ ላይ የተነፋበት ሰው አጥርቶ ይሰማል፣ ሰፈር ዳር ያለው ግን ድምፁ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ሴሎቹም በሰሙት ልክ ነው ጀርባ ወይም ጎን ወይም ሆድ የሚሆኑት።» ሊትየም የሚባለው ጨው ሲጨመር ግን ጡሩንባው በሁሉም ደጃፍ እኩል የተነፋ ያህል ይሆናል። ሁሉም ወገን ጀርባና ራስ ልሁን ይላል።

ሦስት ሳህን አዘጋጀን። በአንደኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ። በሁለተኛው ገና በመከፋፈል ላይ የነበሩትን እንቁላሎች ለጥቂት ደቂቃ ሊትየም ውስጥ ነክረን መለስናቸው። በሦስተኛው ያንኑ ሊትየም ሰጠናቸው፤ ግን ቀናት ጠብቀን፣ ራስና ጅራታቸው ከለየ በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ዋኙ። የሁለተኛዎቹን እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ጅራት የለ፣ ወገብ የለ፤ ዙሪያውን ራስ ብቻ የሆነ ነገር ነበሩ። የሦስተኛዎቹ እንደ መጀመሪያዎቹ ደህና ሆነው ዋኙ። መምህራችን ሦስተኛውን ሳህን ከፍ አድርገው «ዋናው ትምህርት ይሄ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ መልእክቱ ደርሷል፣ አካሉም ተለይቷል» አሉ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይም መለስኩት፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁበት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሌሊሴ ጋር በረንዳ ላይ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ነበር። ዝናቡ አባርቶ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ሌሊሴ አራተኛ ወሯን ጨርሳ ሆዷ ብቅ ማለት ጀምሯል። የክኒኑን ብልቃጥ ከመስኮቱ ደፍ አንስታ አንዱን በውሃ ዋጠች። ዓይኔ ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሕፈት ላይ አረፈ። ሊትየም ይላል።

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ወይም ለሐኪሙ ወረቀት ጻፊ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በወሩ መጨረሻ መምህር ልባል ነው፣ ያየሁት ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሏል። ያየሁትን ጭራቅ የሚሰማኝ ሰው ፈልጌም ነበር፤ ይህን አሁን ነው ለራሴ የማምነው።

«ይሄን ነው እንዴ የምትውጪው?» አልኳት።

«አዎ፣ ምነው ትዕግስት?»

«እኛ በዚህ ሳምንት ለእንቁራሪት ሰጠነው።» ከዚያ ስለ ሁለተኛው ሳህን ነገርኳት። ወገብ የሌላቸውን፣ ዙሪያቸውን ራስ የሆኑትን በእጄ ጭምር እያሳየሁ። ድንቹን አስቀመጠችው።

«ሐኪሙ እኮ አውቆ ነው የሰጠኝ። ‘እርግዝናሽን እየተከታተልኩ ነው፣ በየወሩ ደም ትመረመሪያለሽ፣ በራስሽ እንዳታቋርጪ’ ብሎኛል።»

«ሐኪሙ የሚያክመው አንቺን ነው፤ ሽሉን እኛ ነን ያየነው» አልኳት። እንዲህ ያለ ንግግር ከአፌ መውጣቱን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ስለ ሦስተኛው ሳህን ትንፍሽ አላልኩም። ደህና የዋኘ ነገር ምን ይወራል? የሌሊሴ ልጅ ራስና እግሩን የለየው እሷ ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ነበር፤ እኔ ያስፈራራኋት ሰዓቱ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ላይ የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ያፈሰስነው ጨውና ሐኪም የሚመጥነው ክኒን አንድ አይደሉም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ማስታወሻ ከበረንዳው አምስት እርምጃ ርቆ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለእማዬ አትንገሪያት፣ ትደነግጣለች» አለችኝ። አልነገርኳቸውም። ሌሊሴም ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን አፏ ውስጥ ታስገባና እናቷ ዞር ሲሉ ትተፋው ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ብልህ እናት አልኩ በልቤ።

ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ የሥራ ምደባ እየጠበቅሁ ክረምቱን እዚያው ቆየሁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የስፌት መኪናው ያለ ዕረፍት ይጮህ ጀመር። መጀመሪያ ለልጇ ልብስ የምትሰፋ መስሎን ሳቅንባት። ከዚያ መጋረጃውን ቀዳ ሰፋችው፣ የእትዬ ጫልቱን ነጠላ ቀዳ ሰፋችው። ንግግሯ ፈጠነ፤ አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላው ላይ ትዘላለች፤ ሳቋ ደስ የሚለው ሳቅ መሆኑ ቀረ። አንድ ጠዋት በዝናብ ቤቱን ለቃ ወጣች። እስከ ከሰዓት ፈለግናት። እንጦጦ ዳገት ላይ ቅጠል የሚሸከሙ ሴቶች ባሕር ዛፍ ውስጥ ወድቃ አገኟት፣ አንድ ክንዷ ተሰብሯል። በሸክማቸው ገመድና በነጠላቸው ቃሬዛ ሠርተው አወረዷት።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ሐኪም የሚያውቃት ሳይሆን ሌላ ወጣት ነበር። በዚያው ዕለት ከመንገድ የገባው ደረጀ በር ላይ ቆሟል፣ ልብሱ አቧራ በአቧራ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቷን ለምን አቆመች?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ጫልቱ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፣ አማርኛው የለም። ወደ እኔ ዞረው ኦሮምኛውን ዘረገፉት።

«ጠበል ወስጃታለሁ፣ አልዋሽም» አሉ። «ግን ቄሱ ‘ክኒንሽን በጠበሉ ዋጪው፣ እሱም የእግዜር ነው’ ብለው በፊቴ ነግረዋታል። እኔም በየጠዋቱ ስትውጥ አያት ነበር። አንድ ሰው የሆነ ነገር ነግሯታል። ማን እንደሆነ ይጠይቅልኝ በይው።»

ሐኪሙ እኔን ያያል። ደረጀ እኔን ያያል፤ ኦሮምኛ አይሰማም። እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ይጠብቃሉ።

«ጠበል ወስደናት ነበር ነው የሚሉት» አልኩ።

ሌላ አልጨመርኩም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ያው ነው፤ ጠበል ትወስዷቸዋላችሁ፣ መድኃኒት ታስቆማላችሁ፣ ሲብስ ወደ እኛ ታመጣላችሁ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ስንቱን እንዲህ ያለ ታማሚ አይቶ ይሆናል፤ መልሱን ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። እኔ የሠራሁት በተዘጋጀው ጉድጓድ ውስጥ እትዬ ጫልቱን ገፍቶ መጣል ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህ ግን ወለምታ አልነበረም፤ እያወቅሁ ነው ያስቀረሁት።

ደረጀ አማቱን በኋላ ነው የቀጣቸው። ኅዳር ላይ ሌሊሴ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ ሴት ልጅ ወለደች። ምንም ያልጎደላት፣ ያላት ሁሉ በቦታው ያለ፣ ወፍራም ልጅ። ሌሊሴ ሕጻኗ የራሷ ልጅ እንደሆነች አላወቀችም። ደረጀ ሕጻኗን ጠቅልሎ ደብረ ብርሃን እናቱ ዘንድ ወሰዳት፣ ስሟንም ሕይወት አላት። ሌሊሴ ከዓመት በላይ ቆይታ ሲሻላት ልጇን ማየት ጀመረች፤ እሱም ደብረ ብርሃን ድረስ እየሄደች፣ እንደ እንግዳ ተቀምጣ። እትዬ ጫልቱ ግን ተከለከሉ። «በጠበል ልጇን ያሳበደች ሴት የእኔን ልጅ አትነካም» አለ። ሕይወት ያደገችው የእናቷ እናት ክፉ አሮጊት እንደሆኑ እየተነገራት ነው።

እኔ በመስከረም ምደባዬ ወጣ፣ ከአዲስ አበባ ሩቅ ነበር። የሄድኩ ዕለት እትዬ ጫልቱ በትልቅ ቆርቆሮ ጭኮ ሞልተው ሰጡኝ። ዓይናቸው አብጧል። «ያን ቀን ሐኪም ፊት አፍ ሆነሽኛል፤ አንቺ ባትኖሪ ምን እል ነበር?» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ጭኮውን አውቶቡስ ውስጥ ለተሳፋሪ አደልኩት። እኔ አልቀመስኩትም።

ሰው እንዴት ይህን ያህል ዘመን ዝም ይላል የሚል ይኖራል። በጣም ቀላል ነው። ለገና እነግራቸዋለሁ ትያለሽ፤ ገና ይመጣል፤ እሳቸው በደስታ ይቀበሉሻል፤ ደስታቸውን ላለመስበር ለፋሲካ ታሸጋግሪዋለሽ። ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ከመጣሁ በኋላማ በየበዓሉ እሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ለምን እንጦጦ መሄድ እንደተዉ ጠየቅኋቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ወር አጓድለው የማያውቁ ሴት ናቸው። «ቄሱ ክኒኑን ተዪ አላሏትም፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። «ግን ሐኪሙም ደረጀም ጠበሉ ነው ካሉ፣ እኔ ያልሰማሁትን ሰምታ ይሆናላ። የወሰደቻት የኔ እግር ናት። ከእንግዲህ አትወጣም።» እግራቸውን ዘርግተው እያሹ ነበር ያሉኝ። እኔም ስለ ላሞቹ ጠየቅኋቸው።

እትዬ ጫልቱ በዚህ ዓመት በጥቅምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከልጃቸው ባልተናነሰ አለቀስኩ፤ የሰፈሩ ሰው «ለሳቸው ሁለተኛ ልጅ ነበረች» እያለ ያጽናናኝ ነበር። ደረጀ ከእሳቸው ዓመታት ቀድሞ ነው የሞተው። ሕይወት አልመጣችም። ለማያውቋት አያት ማን ያለቅሳል?

የወንድሜ ልጅ ስልኳን ካሳየችኝ በኋላ ሁለት ሳምንት እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። ባለፈው ረቡዕ ሚኒባስ ይዤ ኮተቤ ሄድኩ። ሌሊሴ አሁን ስልሳን አልፋለች። ክኒኗን እየወሰደች ደህና ትኖራለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ በረንዳው ላይ ያልነገርኳትን ሳህንም፣ ሆስፒታል ውስጥ ያልተረጎምኩትንም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጨርቁን ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ድንቹን ስንበላ የነገርሽኝን መቼ ረሳሁት?» አለች። «ሁሉንም አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። ትንሽ እንደተሻለኝ ለእማዬ ነገርኳት፤ ‘ትዕግስት ናት ክኒኑ ልጅሽን ያበላሻል ያለችኝ’ አልኳት። አለቀሰች። ‘በሽታው ገና አልለቀቀሽም ማለት ነው፤ ያቺ የተማረች ልጅ እንዲህ አትልም፤ አፍ ሆና ያወጣችን እሷ አይደለችም ወይ?’ አለችኝ። ሐኪሙ እንዳይሰማ ብላ እንዳልደግመው አስማለችኝ። የምወስደው መድኃኒት እንዳይጨመርብኝ ነው። እኔም ሁለተኛ አላነሳሁትም። ቆይቶ ቆይቶ እውነትም በሽታዬ የፈጠረው ይሆን እል ነበር።»

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ እናትየዋን ብቻ የበደልኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌሊሴንም ያየችውን ያልታየ፣ የሰማችውን ያልተሰማ አድርጌባት፣ የገዛ አእምሮዋን እንዳታምን አድርጌያት ኖሬያለሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ ይቅር አልልሽምም አላለችም። ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ፤ ዳቦም ቆረሰች።

ልሄድ ስነሳ «ሕይወት ቅዳሜ ትመጣለች» አለች። «የእማዬን ዕቃ ልናወጣ ነው። እኔ ብነግራት ታማ ነው የምትለው ትላለች፤ አባቷ እንዲያ አስተምሯታል። አንቺ ንገሪያት። በአማርኛ ንገሪያት፣ ሙሉውን።»

ይህን የምጽፈው ዓርብ ነው። ስንት ሺህ ልጅ ፊት ቆሜ ጠመኔ ይዤ አስተምሬአለሁ፤ ድምፄ ተንቀጥቅጦብኝ አያውቅም። ነገ የምትሰማኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። አያቷን አንዴ እንኳ ሳታቅፍ ቀብረናቸዋል፤ እውነቱን ብነግራት የማስመልስላት ነገር የለም። ጠልታ ያደገቻቸው ሴት ምንም ያላጠፉ መሆናቸውን ስታውቅ የሚብሳት ይመስለኛል። ቢሆንም ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።